ለትምህርትም ለቤትም የሚሆን ታይፕ

አባቴ ታይፕ ሊገዛልኝ የወሰነው በ1978 ዓ.ም. ነሐሴ ውስጥ ነው። ሦስተኛ ዓመቴን ጨርሼ ከዓለማያ ዩኒቨርሲቲ ለክረምት ወደ ድሬዳዋ ከወረድኩ ገና ሳምንቴ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት የመመረቂያ ጽሑፍ ይጠብቀኛል፤ ጽሑፉ ደግሞ በታይፕ ተመትቶ በሦስት ቅጂ ካልቀረበ አይቀበሉትም። ከእኛ በፊት የተመረቁት ልጆች የሚመታላቸው ሰው ፍለጋ ሐረር ድረስ ሲመላለሱ አይቼ ስለነበር፣ ይህንኑ ምሳ ላይ እንደዋዛ አወራሁት። አባቴ እንጀራውን እየቆረሰ ሰማኝ። በማግስቱ ጠዋት ከመስጊድ ሲመለስ ግን በር ላይ ጠራኝና፣ «ናፊሳ፣ የሰው ደጅ አትጠኚም። የራስሽ የጽሕፈት መኪና ይኖርሻል» አለኝ።

እናቴ ዳሃቦ ቀፊራ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ትሸጥ ነበር። ሰው አንድን ዕቃ በእውነት ፈልጎት ይሁን ለወጉ ያህል፣ ከአያያዙ ታውቃለች።

«ለአንድ ዓመት ብሎ ዕቃ የሚገዛ የለም» አለች። «ለትምህርቷም ለቤቱም የሚሆን ከሆነ ሃዬ፣ እሺ፣ ይገዛ።»

«ታይፕ ለቤት ምን ያደርጋል?» አላት አባቴ።

 የእናቴ ዓይን ለአፍታ ቀኝ እጁ ላይ አረፈ። እሱም እጁን ወደ ሽርጡ እጥፋት ከተተው።

የአባቴን እጅ ነገር መናገር አለብኝ። አባቴ ሸረፈዲን ሠላሳ ዓመት በምድር ባቡር የዕቃ ክፍል ጸሐፊ ነበር። የእጅ ጽሑፉ በመጋላ ሰፈር የታወቀ ነው። ፊደሎቹ እኩል ቁመት አላቸው፤ መስመር በሌለው ወረቀት ላይ እንኳን መስመር አይስትም። ወደ ማምሻው ከአስር ሶላት በኋላ የቤታችን ደረጃ ላይ ሰው አይጠፋም ነበር። ባሏ የሞተባት የጡረታ ማመልከቻ ልታጽፍ ትመጣለች፤ ሾፌሩ መንጃ ፈቃዱ ጠፍቶበት ይመጣል፤ ልጁ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት እንዲዛወርለት የሚፈልግ ይመጣል። አባቴ ከማንም ምንም አይቀበልም። «ወረቀቱን ብቻ ይዘህ ና» ይላል። ከዚያ ሰውየውን አስቀምጦ ታሪኩን ከመጀመሪያው ያስነግረዋል። አንዱ በሶማልኛ ይነግረዋል፣ አንዱ በኦሮምኛ፣ አንዱ ሦስቱንም ቋንቋ አደባልቆ፤ ከአባቴ ብዕር የሚወጣው ግን ጥርት ያለ የቢሮ አማርኛ ነው።

ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት ሲቀረው ቀኝ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ አውራ ጣቱ ብቻ ነበር። ቀስ በቀስ ወደ አንጓው ወጣ። ሐኪሙ ሕመሙ እንደማይገድል፣ እንደማይድንም ነገረው። አባቴ የሻይ ብርጭቆ በሁለት እጁ መያዝ ለመደ፤ ቁልፍ ያለው ሸሚዝ መልበስ ተወ። ጽሕፈቱን ግን አልተወም ነበር፤ አንድ ቀን ጎረቤታችን ቢላን የጻፈላትን ማመልከቻ ይዛ እስክትመለስ ድረስ። የመዝገብ ቤቱ ሰው ሊያነበው አልቻለም። ቢላን አባቴን እንዳታስቀይመው ፈርታ፣ «ሰውየው ዓይኑ ደካማ ነው መሰለኝ» አለችው። አባቴ ወረቀቱን ተቀብሎ አጠፈና ኪሱ ከተተው። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲመጣ «መነጽሬ ተሰብሯል» ይል ጀመር። ሰዎቹ መነጽሩ እስኪሠራ ጥቂት ሳምንት ጠበቁ። በኋላ ቀሩ። ደረጃችን ባዶ ሆነ፤ አባቴም ከአስር በኋላ የሚያደርገው አጥቶ ግቢ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይል ነበር።

እንግዲህ ቤታችን እንዲህ በሆነበት ጊዜ ነው የታይፑ ነገር የመጣው።

በዚያን ዘመን ታይፕ እንደ ራዲዮ ዝም ብለው ገዝተው ቤት የሚያስገቡት ዕቃ አልነበረም። የተቃውሞ ወረቀት በድብቅ የሚበተንበት ጊዜ ካለፈ ዓመታት ቢቆጠሩም ፍርሃቱ አልወጣልንም። ስለዚህ አባቴ ሳንገዛ በፊት ቀበሌ ሄደን ፈቃድ እንጠይቅ አለ፤ ሁለታችን ሄድን። የቀበሌያችን ጸሐፊ ቡልቻ የሚባል ገና ሠላሳ ዓመት የማይሞላው ሰው ነበር። አባቴ ጉዳዩን ሲያስረዳ እኔ የዩኒቨርሲቲ መታወቂያዬን በእጄ ይዤ ቆሜያለሁ። 

ቡልቻ ሰምቶ ሲጨርስ ተነሣና ለአባቴ ወንበር አቀረበለት።

«አባ ናፊሳ፣ አንተ ታስታውሰኝ እንደሆነ አላውቅም» አለው። «እኔ ተማሪ ሆኜ የእናቴን ቤት በስሕተት ትርፍ ቤት ብለው መዝግበው ወስደውባት ነበር። አንተ ነህ የጻፍክላት። ሦስት ጊዜ ጽፈህላት በሦስተኛው ተመለሰላት።»

«አስታውሳለሁ» አለ አባቴ። «እናትህ ደህና ናት?»

«አልሐምዱሊላህ፣ እዚያው ቤት ናት።»

ቡልቻ ደብዳቤውን እዚያው ጻፈልን፤ ማኅተምም አደረገበት። አንድ ነገር ብቻ አሳሰበን፤ መኪናው ሲገዛ ሁሉም ፊደል የተመታበት አንድ ገጽ እንድናመጣለት። «ፋይል ውስጥ ይቀመጣል። ነገ ሌላ ሰው እዚህ ወንበር ላይ ቢቀመጥ ማንም እንዳይጠይቃችሁ ነው» አለን። ወጥተን መንገድ ላይ ስንደርስ ነው እኔ የተነፈስኩት።

በማግስቱ ጠዋት ፀሐዩ ሳይበረታ የደቻቱን ወንዝ ተሻግረን ወደ ከዚራ ሰፈር ሄድን። ሌሊት ተራራው ላይ ዘንቦ ስለነበር ወንዙ ሞልቶ በድልድዩ ሥር ቀይ ውኃ ይወርዳል። ከባቡር ጣቢያው በላይ ባለው ጥላማ መንገድ ዐብዱላሂ የሚባል የታይፕ ጠጋኝ አንዲት ጠባብ ሱቅ ነበረችው። ቤንዚንና የማሽን ዘይት ይሸታል። እንጨት መደርደሪያዎቹ ላይ ክዳናቸው የተከፈተ መኪናዎች ተደርድረዋል። ዐብዱላሂ ቀጭን፣ ጺሙን ሒና የተቀባ ሰው ነው። አባቴን ሲያይ መፍቻውን አስቀምጦ በሁለት እጁ ጨበጠው፤ የጨበጠውንም ቶሎ አልለቀቀም።

«ልጄ ናት፤ ዓለማያ ነው የምትማረው» አለው አባቴ። «ለመመረቂያዋም ለቤትም የሚሆን፣ ቅዳሜና እሑድ ይዛው የምትወርድ ቀለል ያለ መኪና እንፈልጋለን።»

ዐብዱላሂ ሦስት መኪና አወጣልን። የመጀመሪያው ከአንድ የፈረንሳይ ድርጅት የተረፈ ነው፤ የፊደሎቹ አቀማመጥ እንግሊዝኛ ከሚመታበት ስለሚለይ ወዲያው ተውነው። ሁለተኛው ውኃ ሰማያዊ፣ እጀታ ያለው ሳጥን ውስጥ የሚገባ ትንሽ የእንግሊዝኛ መኪና ነበር። በጅቡቲ በኩል የመጣ፣ ብዙም ያልተሠራበት ነው። ሳጥኑን ሳነሣው ከመጽሐፍ ብዙም አይከብድም። ልቤ እዚያው ቀረ፤ አልዋሽም። ይህንን አንጠልጥዬ የደንገጎን ዳገት ስወጣ፣ ማደሪያ ክፍሌ ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው፣ ጓደኞቼ ሲያዩት ሁሉ ታየኝ። ሦስተኛው አሮጌ የአማርኛ ታይፕ ነው። ጥቁር፣ ሰፊ፣ አንድ ሰው ብቻውን የማያነሣው ብረት።

«ይኼኛው ለምንድነው ያወጣኸው?» አለ አባቴ ጥቁሩን እያየ። «የእሷ ትምህርት በእንግሊዝኛ ነው።»

«ለቤትም ነው ስትል ሰምቼህ ነው» አለ ዐብዱላሂ።

አባቴ በሰማያዊው መኪና ፊት ተቀመጠ። እኔ ታይፕ ስለማልችል እንዴት እንደሚመታ ሊያሳየኝ ፈልጎ ነው፤ ዕቃ ክፍል ሳለ የጭነት ወረቀት በፈረንሳይኛም በአማርኛም ይመታ ነበር። ወረቀት አስገባ፤ ስሜን በእንግሊዝኛ ሊመታ ጣቱን ዘረጋ። ቁልፎቹ በጣም ቀላል ነበሩ። ጣቱ ገና ሲነካቸው ይወርዳሉ፤ እጁ ሲንቀጠቀጥ ደግሞ ያንኑ ፊደል ሁለቴ ሦስቴ ይመታል። ወረቀቱ ላይ የወጣው ስሜ አልነበረም፤ የተደራረበ ፊደል ነበር። አባቴ አንዴ ደገመው። ያው ሆነ። ከዚያ እጁን ከመኪናው ላይ አንሥቶ ኪሱ ከተተና፣ «አንቺ ሞክሪው፤ ያንቺ ነው» አለኝ። ድምፁ ልክ እንደወትሮው ነበር። አንገቱ ግን ቀልቶ አየሁት።

 ዐብዱላሂ ጥቁሩን መኪና እየገፋ ወደ አባቴ አስጠጋው።

«እስቲ ይቺን ምታልኝ» አለው። «ስፕሪንጓን ትናንት ነው የቀየርኩት፤ በጣም ጠነከረችብኝ መሰለኝ። የለመደ እጅ እንዲሞክራት እፈልጋለሁ።»

አባቴ አልፈለገም። ዐብዱላሂ ግን ወረቀቱን አስገብቶ ቆመ። እምቢ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ሰውየው ለራሱ ሥራ ነው የጠየቀው። አባቴ ግራ እጁን በቀኝ አንጓው ላይ አድርጎ፣ በሌባ ጣቱ መጫን ጀመረ። ቁልፉ ከባድ ስለነበር ጣቱ ከላይ ሲንቀጠቀጥ አይወርድም፤ የሚወርደው አባቴ ሆን ብሎ በኃይል ሲጫነው ብቻ ነው። አንድ ፊደል። ቆየት ብሎ ሌላ። ጠጋ ብዬ ወረቀቱን አየሁ። «ጉዳዩ» ይላል። በንጹሕ፣ በቀጥተኛ ፊደል፣ አንዱም ሳይደገም።

አባቴ ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አየው። ከመንገዱ የጋሪ ደወል ይሰማል።

«ጥሩ ሠርተሃታል» አለው በመጨረሻ። «አልጠነከረችም።»

እኔ ያኔ አፌ ያመጣልኝን ተናገርኩ። «አባ፣ እኔ የምፈልገው ይኼኛውን ነው።»

«ምን ያደርግልሻል?»

«የአራተኛ ዓመት ሥራዬ ከገበሬ ጋር ነው። የምጠይቃቸው መጠይቅ በአማርኛ ተመትቶ ነው የሚሄደው። ብዙ ገጽ ነው።»

ውሸት ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ምን ላይ እንደምሠራ አልወሰንኩም፤ ሐሳቤ ቤተ ሙከራ ውስጥ ከአፈር ጋር መዋል ነበር። ዐብዱላሂ አንዴ አየኝና ዓይኑን ወደ መፍቻው መለሰ። አባቴ ደግሞ ሰማያዊውን መኪና፣ ከዚያ እኔን፣ ከዚያ ጥቁሩን አየ።

«የእንግሊዝኛውስ?» አለኝ።

«እሱን እዚያው የትምህርት ክፍላችን መኪና ላይ እመታለሁ። ተማሪ ይጠቀማል።» ይህም ሁለተኛው ውሸት ነበር።

«እናስብበት» አለ አባቴ፤ ተነሣን።

ቤት ስንደርስ አባቴ ሙቀቱ እስኪበርድ ጋደም አለ። እናቴ ከቀፊራ ተመልሳ ጓዳ ውስጥ ትልቁን የጨርቅ ጥቅል ታጥፋለች። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት፤ የተደራረበውን ስሜንም፣ «ጉዳዩ» የሚለውንም። ጥቅሉን ይዛ ቆማ ሰማችኝ። ስጨርስ፣ «የገበሬው ነገር ውሸትሽን ነው አይደል?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ታዲያ እውነት አድርጊዋ።»

«እንዴት?»

«እኔ በምን አውቃለሁ፤ የተማርሽው አንቺ ነሽ። ገበሬ ጠፍቷል? ሐርላ መንደር እዚሁ አጠገባችን ነው።» ከዚያ ጥቅሉን አስቀምጣ እጇን ትከሻዬ ላይ አደረገች። «ሁለት ዓመት ሙሉ ምን ብዬ እንደማዋየው ጠፍቶኝ ነበር፣ ናፊ። አላህ ይስጥሽ።»

አባቴ በማግስቱ ጥቁሩን ለመግዛት ተስማማ። «ለትምህርትሽ ከሆነ እሺ» አለኝ። ዋጋውን ከዐብዱላሂ ጋር ራሱ ተነጋገረ።

መኪናውን ያመጣልን ራሱ ዐብዱላሂ ነው። በሁለተኛው ቀን፣ ከአስር ሶላት ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ጋሪ ላይ በጆንያ ጠቅልሎ መጣ። አባቴ መስጊድ ሄዷል። ከጋሪው ባለቤት ጋር ተሸክመው በረንዳው ጠረጴዛ ላይ አሳረፉት። ዐብዱላሂ ከጆንያው ውስጥ አንድ ሌላ ነገር አወጣ፤ ከጣውላ የተሠራ፣ ወፍራም ጨርቅ የተመታበት ረጅም ማሳረፊያ። ከመኪናው ፊት ገጠመው። ክንድ እዚያ ላይ ሲያርፍ ጣት ብቻ ነው የሚሠራው። ሌሊቱን ሁሉ ሳይሆን አይቀርም የሠራው፤ ጠርዞቹ በብርጭቆ ወረቀት ለስልሰዋል።

«ዐብዱላሂ፣ ይኼን አልጠየቅንህም» አልኩት። «እንዴት አድርገን እናመሰግንሃለን?»

የቀረበለትን ሻይ ይዞ ተቀመጠ። «አባትሽ ምንም አልነገራችሁም ማለት ነው» አለ።

«ስለ ምን?»

«በ1970 ዓ.ም. ታስሬ ነበር» አለኝ። «ከተማው ውስጥ የተበተነ ወረቀት ተገኘ፤ የተመታበት መኪና ተያዘ። መኪናዋን ደግሞ የጠገንኩት እኔ ነኝ። ማን ምን እንደመታባት በምን አውቃለሁ? ግን ያን ጊዜ ይህን የሚሰማ የለም። ባለቤቴ ፋዱማ ማመልከቻ የሚጽፍላት ሰው ፍለጋ ከቤት ቤት ዞረች። የማያውቋት ይመስል በር ዘጉባት። ሰው አይፈረድበትም፤ ፈርቶ ነው። አባትሽ ግን አስቀምጦ ሁሉንም አስነገራት። የጠገንኳቸውን መኪናዎች ሁሉ ከነባለቤታቸው ከነቁጥራቸው ከደብተሬ ላይ ገልብጦ ጻፈ፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶቹንም ጭምር። ከታች ደግሞ 'ሰውየውን ለሃያ ዓመት አውቀዋለሁ' ብሎ የራሱን ስምና የቤት ቁጥር አሰፈረ።»

እናቴ በሩ ላይ መጥታ ቆማ ነበር።

«ጽፎ መስጠቱ አንድ ነገር ነው» አለ ዐብዱላሂ። «እሱ ግን ፋዱማ ብቻዋን እንዳትሄድ ብሎ ወረቀቱን ራሱ ይዞ እስር ቤቱ በር ላይ ሁለት ቀን ቆመ። ከሳምንት በኋላ ወጣሁ። አብረውኝ ከነበሩት ያልወጡ አሉ።»

እናቴ፣ «ያን ሰሞን ባቡሩ ዘገየ እያለ አምሽቶ ይገባ ነበር» አለች ቀስ ብላ።  መጥታ ሻዩን ደገመችለት።

አባቴ ከመስጊድ ሲመለስ ሦስታችንም መኪናው አጠገብ ተቀምጠን አገኘን። ማሳረፊያውን አየ፤ ክንዱን አስቀመጠበት። ትንሽ ወዲያ ወዲህ አደረገው። «ልክ ነው» አለ፤ ከዚያ የዐብዱላሂን ትከሻ መታ መታ አደረገ።

የመጀመሪያው ሳምንት ለአባቴ ቀላል አልነበረም። የአማርኛ ታይፕ አንዱን ፊደል ለመጨረስ አንዳንዴ ሁለት ቁልፍ ይፈልጋል፤ ሥሩን ትመታና ቅጥያውን ትጨምራለህ። አንድ ገጽ ግማሽ ቀን ይፈጅበት ነበር። ሲሳሳት ወረቀቱን አውጥቶ እንደገና ይጀምራል። ለቀበሌው የሚሰጠውን የፊደል ገጽ አራት ጊዜ ነው የመታው። አራተኛውን ይዘን ስንሄድ ቡልቻ ገጹን እያገላበጠ አየና ፋይል ውስጥ አስገባው። ከዚያ ከመሳቢያው የታጠፈ ወረቀት አወጣ።

«አባ ናፊሳ፣ መነጽርህ ተሠርቶልህ ከሆነ» አለው፣ «እናቴ ስለ ውኃ መሥመሩ አንድ ማመልከቻ ፈልጋለች። እኔ ብጽፈው ለራሱ እናት ነው ይሉኛል።»

አባቴ ወረቀቱን ተቀበለ። «ተሠርቷል» አለ።

ወሬው ለመዛመት ብዙ ቀን አልፈጀበትም። ቢላን መጣች። ከዚያ ሌሎቹ። ከአስር በኋላ ደረጃው ላይ ሦስት አራት ሰው ይቀመጣል። አባቴ እንደ ድሮው ታሪካቸውን ያስነግራቸዋል፤ ከዚያ ቀስ እያለ ይመታል። ቸኩሎ የመጣ ሰው ቢኖርም አያቸኩለውም።

መስከረም አልቆ ዓለማያ ስወጣ የቀረኝ የራሴን ሁለት ውሸት እውነት ማድረግ ነበር። የትምህርት ክፍላችን ጸሐፊ ወይዘሮ ሑዳ ቢሮ ገባሁና እውነቱን ሳልደብቅ ነገርኳት፤ የአባቴን እጅ፣ ሰማያዊውን መኪና፣ የዋሸሁትን። ምሳ ሰዓት ላይ መኪናዋ ሥራ አይኖረውም፤ በዚያ ሰዓት እንድለማመድበት ለመንኳት። ሑዳ ሰምታኝ ስታበቃ፣ «በአንድ ጣትሽ እያየሽ የምትመቺ ከሆነ አልፈቅድም፤ መኪናዬን ታበላሽብኛለሽ» አለችኝ። ልወጣ ዞርኩ። «በአሥሩም ጣት ነው የማስተምርሽ። ነገ ነይ።» ዓመቱን ሙሉ ምሳዋን ቢሮ እየበላች አስተማረችኝ። አሁንም ድረስ ሳልይ የምመታው በእሷ ነው።

አማካሪዬ ደግሞ ሐሳቤን ስነግረው ደስ አለው። የሐርላ ገበሬዎች ማሽላቸውን ጉድጓድ ውስጥ እንዴት እንደሚያቆዩት፣ ምን ያህሉ በነቀዝና በእርጥበት እንደሚጠፋባቸው የጠየቀ ተማሪ አልነበረም። መጠይቁን ስድስት ገጽ አድርጌ በእጄ ጻፍኩና ለአባቴ ወረድኩለት። በካርቦን ወረቀት እያደረገ፣ በአንድ ጊዜ አራት ቅጂ፣ ስልሳ መጠይቅ መታልኝ። ወር ፈጀበት። የከበደው ቁልፍ እዚህም ጠቀመን፤ አራተኛው ቅጂ ድረስ ፊደሉ ይነበባል።

ሐርላ ስሄድ እናቴ ብቻሽን አትሄጂም ስላለችኝ አባቴ አብሮኝ መጣ። ጥያቄውን እኔ ከወረቀቱ አነባለሁ፤ እሱ በኦሮምኛ ይጠይቃል፤ እኔ መልሱን እጽፋለሁ። ገበሬዎቹ ከእኔ ይልቅ ከእሱ ጋር ማውራት ቀለላቸው። በሁለተኛው ቀን አንድ ሽማግሌ ጥያቄው ካለቀ በኋላ፣ «እኛም እንጠይቅ እንጂ» አሉት። የመንደሩ የውኃ ፓምፕ ከቆመ አምስት ወር ሆኖታል፤ ሴቶቹ ሩቅ ነው የሚቀዱት። ለማን እንደሚነገር አያውቁም።

«ቅዳሜ ለገበያ ስትወርዱ እኔ ቤት ኑ» አላቸው አባቴ። መጡም። ስድስት ሰው፣ አህዮቻቸውን በር ላይ አስረው። የጻፈላቸው ማመልከቻ ሁለት ገጽ ነበር። መልሱ በፍጥነት አልመጣም፤ አባቴ ሁለት ጊዜ ማስታወሻ ጻፈላቸው። ሚያዝያ ላይ የፓምፑ መለዋወጫ ተላከ።

በሰኔ ጽሑፌ ተቀባይነት አገኘ። ሦስቱን ቅጂ የመታሁት እኔ ነኝ፤ በሑዳ መኪና፣ በአሥር ጣት። አንዱን ቅጂ ይዤ ድሬዳዋ ወረድኩ። አባቴ በረንዳው ላይ ነበር። ጽሑፉን ገጽ በገጽ ገለጠው፤ እንግሊዝኛው ባይገባውም መስመሮቹን፣ ጠርዙን፣ የገጽ ቁጥሩን አየ። መጨረሻው ላይ ካለው የራሱ መጠይቅ ሲደርስ ቆመ።

«አባ» አልኩት፣ «ያን ቀን ዐብዱላሂ ሱቅ ውስጥ ዋሽቼህ ነበር። የገበሬው ነገር ያኔ አልነበረም። የትምህርት ክፍሉ መኪናም።»

«አውቃለሁ» አለኝ።

«ታውቃለህ?»

«ስትዋሺ ቶሎ ቶሎ ነው የምታወሪው፤ ከሕፃንነትሽ ጀምሮ።» ጽሑፉን ዘግቶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። «ሰማያዊው ነበር ያማረሽ። እሱንም አይቻለሁ። ሌሊቱን አልተኛሁም። አባት ነኝ፤ ለልጄ የሚያስፈልጋትን መግዛት ነበረብኝ። ግን 'ጉዳዩ' የሚለውን ስመታ...» የጽሑፉን ጠርዝ በጣቱ አስተካከለ። «በጣም ፈልጌው ነበር፣ ናፊሳ። የራሴን ፍላጎት ባንቺ ውሸት ሸፍኜ ተቀበልኩሽ። አላህ ይባርክሽ።»

 ቀኝ እጁን ይዤ ሳምኩት፤ መዳፌ ውስጥ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ እሱም አልሸሸገውም።  ከዚያ አንዲት ሕፃን ያዘለች ሴት ግቢው በር ላይ ቆማ ሰላምታ ሰጠች፤ የልጅዋን የልደት ወረቀት ጉዳይ ልታጽፍ ነው የመጣችው። አባቴ ወንበር እንዳቀርብላት በዓይኑ ጠቆመኝና አዲስ ወረቀት ሊያስገባ ወደ መኪናው ዞረ።